የባንተአምላክ ሦስት ጊጋ

ባንተአምላክን የማውቀው በግድግዳ ነው። ፍኖተ ሰላም ውስጥ የእኔ ልብስ ስፌት ቤትና የእሱ ቪዲዮ ቤት አንድ የጭቃ ግድግዳ ይጋራሉ። ከእኔ ወገን የስፌት መኪናዬ ድምፅ ይሄድለታል፣ ከእሱ ወገን የሙሽራ ዘፈን ይመጣልኛል። በሰርግ ወራት አንዷን ዘፈን ሲያመላልስ ውሎ ራሴን ሲያዞረኝ ግድግዳውን በመቀስ እጀታ እደበድባለሁ። «እስክዬ፣ ትንሽ ታገሽኝ፤ ሙሽራዋ ገና ከጓዳ አልወጣችም» ይለኛል። ስሜ እስከዳር ነው፤ እስክዬ የሚለኝ ሊያባብለኝ ሲፈልግ ነው። ሰውን በግድግዳ ማወቅ ፊት ለፊት ከማወቅ ይበልጣል፤ ሲኮራም፣ ሲዋሽም፣ ሲያፍርም ይሰማል። ስለዚህ የዚህን ሰው ነገር ብናገር የሚከፋው አይኑር። የከፋውም ይክፋው።

የማንኩሳ ልጅ ነው። አሥረኛ ክፍል ላይ ነጥብ አልመጣለት ሲል ባሕር ዳር ሄዶ ኮምፒውተር ተማረና፣ በዘጠና ሰባቱ ምርጫ ማግስት እዚህ መጥቶ ከጎኔ ቤት ተከራየ። መጀመሪያ ሥራው ጽሕፈት ነበር። የግምገማ ሰሞን የቢሮ ሰዎች ሪፖርታቸውን ይዘው ይሰለፉለታል፤ አንዳንዱ «ያምናውን አውጣና ዓመተ ምሕረቱን ብቻ ለውጥልኝ» ይለዋል፣ እሱም ይለውጥለታል። በኋላ የቪዲዮ ካሜራ ገዝቶ ሰርግ ማንሳት ያዘ። ሰው የሆነውም ያኔ ነው። ኪሱ የበዛ ሰደርያ ለብሶ፣ ካሜራውን ትከሻው ላይ አድርጎ ዳስ ውስጥ ሲገባ ሽማግሌው እንኳ ነጠላውን ያስተካክልለታል። ከጅጋ እስከ ቡሬ እሱ ያላነሣው ሙሽራ ጥቂት ነው።

ክፉ ሰው አይደለም፤ ሰነፍም አይደለም። አንድ ጠባይ ግን አለው፦ ከተናገረው አይመለስም። አንድ ጊዜ ለገበዝ ማርያም ሰዎች «ምንም ቢሆን እመጣለሁ» ብሎ ነበር። መንገዱ ተበላሽቶ መኪና ሲጠፋ ካሜራውን በላስቲክ ጠቅልሎ በበቅሎ ሄደላቸው። ይኼ ያስመሰግነዋል። ጉዱም የመጣው ከዚሁ ከሚያስመሰግነው ጠባይ ነው።

ኮምፒውተሩ ያረጀ ነበር። ሁለት ነጥብ አራት ጊጋ ነው ይለኝ ነበር፤ ጊጋ ማለት የማሰቢያው ፍጥነት መለኪያ ነው። የአንድ ሰርግ ቪዲዮ ከካሴቱ ገልብጦ፣ ቆርጦና ቀጥሎ፣ ሲዲ ላይ እስኪያወጣው ድረስ ሁለት ቀን ሲያጉረመርም ይከርማል። ሰው ይህን አያማርርም ነበር። ሰርጉን የበላ ሰው ቪዲዮውን ለማየት አይቸኩልም። ነገር ግን ቡሬ ላይ ተስፋው የሚባል ቪዲዮ አንሺ አዲስ ኮምፒውተር ከአዲስ አበባ አስመጥቶ «ሦስት ጊጋ» ብሎ በሩ ላይ ለጠፈ። የኛ ሰው ይህን አይቶ የተመለሰ ቀን ምሳ አልበላም።

ከዚያ ባሕር ዳር ሄዶ፣ ከኢንተርኔት የታተመ አንድ እቅፍ ወረቀት ይዞ መጣ።

«ኦቨርክሎክ ይባላል እስክዬ» አለኝ ደጃፌ ላይ ቆሞ። «ፋብሪካው ማሰቢያውን፣ ፕሮሰሰሩን፣ በዚህ ፍጥነት ሂድ ብሎ ይልከዋል። ግን አቅም አስተርፎለት ነው። ኮምፒውተሩ ሲነሣ አንድ ቁልፍ ትጫኚና ሰማያዊ ገጽ ይመጣልሻል፤ እዚያ ገብተሽ ፍጥነቱን ትንሽ ትንሽ ከፍ ታደርጊለታለሽ።»

«ካልቻለስ?»

«ካልቻለ ይደርቃል፣ ባለበት ቀጥ ይላል፤ ወይ ይሳሳታል። ለዚህ ነው ጥቂት ከፍ ባደረግሽ ቁጥር የምትፈትኚው። ከባድ ሒሳብ ትሰጭውና ቀኑን ሙሉ ሲያሰላ ይውላል። ከተሳሳተ አንድ ደረጃ ትመለሻለሽ። ዋናው ማስሮጡ አይደለም፤ እየሮጠ አለመሳሳቱ ነው። መርጋት አለበት።»

ይህችን መጨረሻ ያላትን ልብ በሉልኝ። ከራሱ አፍ የወጣች ናት።

እውነቱን ለመናገር ሲጀምረው ተጠንቅቆ ነበር። ወሩ ታኅሣሥ ነው፣ አየሩ ደስ ይላል። የሳጥኑን ጎን ፈትቶ፣ መስኮቱን ከፍቶ፣ ከፍ ያደርጋል፣ ይፈትናል፣ ሙቀቱን ያነባል። ሲደርቅበት ይመለሳል፤ የኤሌክትሪኩን ኃይል በጣም በጥቂቱ ይጨምርለትና ደግሞ ይሞክራል። ሁለት ነጥብ ሰባት ላይ ረጋ፤ ነጥብ ስምንት ላይ ረጋ። ሁለት ነጥብ ዘጠኝ ላይ ሲደርስ ቀን ሙሉ ፈትኖት አንድም ስሕተት አላገኘበትም። እዚያ ላይ ቢቆም ኖሮ ዛሬ የማወራው አይኖረኝም ነበር።

ግን ሦስት ነው ብሎ ተናግሯል። ለዳቦ ቤቱ ሰው ነግሯል፣ ለሚኒባስ ረዳቶቹ ነግሯል፣ ተስፋው ጆሮም እንዲደርስ ቡሬ ለሚሄድ ሰው ሁሉ ነግሯል። ሦስት ላይ ሲያወጣው ፈተናውን አንዳንዴ ያልፋል፣ አንዳንዴ ይወድቃል። ጠዋት በብርዱ፣ ሳጥኑ ተከፍቶ ያልፋል። እሱም ያለፈበትን ጠዋት ያዘና የወደቀበትን ከሰዓት ረሳው።

አሁን ስለ ዳንቴሉ ልንገራችሁ። አገሩን የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ቴሌቪዥን ይሁን ቴፕ፣ ዕቃ ራቁቱን አይቀመጥም። እህቱ አደይ ለኮምፒውተሩ በልኩ ነጭ ዳንቴል ሠርታለታለች፤ ከላይ ጀምሮ ጎኑንና ጀርባውን ይሸፍናል፣ ዳር ዳሩ ቢጫ ነው። ሲፈትን ያወልቀዋል። እንግዳ ሲመጣ ግን የሳጥኑን ጎን ገጥሞ፣ ዳንቴሉን አልብሶ፣ እጥፋቱን በእጁ እየዳበሰ ያስተካክላል። የሳጥኑ ማራገቢያ ትኩሱን አየር የሚያስወጣው በጀርባ ነው። ያንን እኔ አላውቅም ነበር፤ እሱ ግን ያውቅ ነበር። ብቻ እንግዳ ፊት የተገለጠ ሳጥን፣ ገመዱና አቧራው ሲታይ ነውር መስሎ ይሰማዋል። እኔም ብሆን ያልተተኮሰ ልብስ ለሰው አላሳይም፣ ስለዚህ በዚህ አልፈርድበትም።

በዚያ ዓመት ጾም ሊገባ ሲል በለጠች ተዳረች። የማንኩሳው ገበሬ የአያ ክንዱ አንዲት ሴት ልጅ ናት፤ ቀሚሷን የሰፋሁት እኔ ነኝ። ሰርጉ ሲቃረብ እናቷ እትዬ ንግሥቴ ታመው ባሕር ዳር ለቀዶ ሕክምና ተወሰዱ። ሰርጉ ይተላለፍ ተባለ። እሳቸው ከአልጋ ላይ ሆነው «ጠላው ተጠምቆ፣ ሠንጋው ታስሮ ሰርግ አይመለስም። ልጄን ዳሯት፤ እኔ በቪዲዮ አያታለሁ» ብለው ላኩ።

አያ ክንዱ ልብሱን ሊወስዱ የመጡ ቀን ባንተአምላክን ከጎን ጠርተው እኔ ባለሁበት እንዲህ አሉት፦ «እናቷ የምትለው አንድ ነገር ነው። ጭፈራውን ተወው፣ መብሉን ተወው ትላለች። ጠዋት ከቤት ስትወጣ ጉልበት ስትስም ፊቷን ልይ ነው የምትለው።»

«እማማ ንግሥቴ ፊቷን አጥርተው ያዩታል» አለ ባንተአምላክ።

«እኔማ እነግርሻለሁ ብያት ነበር። አንተ ራስህ ስታለቅስ ምን ታያለህ አለችኝ። ልጄንም በኋላ ብጠይቃት፣ እኔን እንዳይከፋኝ ብላ፣ ስቄ ነበር ትለኛለች፣ ዘመዱም ለታመመ ሰው ያማረ ያማረውን ነው የሚያወራ፣ ካሜራ ግን አያባብልም አለች።» ሽማግሌው ይህን ብለው ሳቁ፤ ዓይናቸው ግን አልሳቀም።

ሰርጉ ሆነ። ባንተአምላክ አነሣ። ከሁለት ቀን በኋላ አያ ክንዱ ለገበያ ሲመጡ ሁለት ዘመዶቻቸውን አስከትለው ወደ ቪዲዮ ቤቱ ጎራ አሉ። እንግዳ ነውና ሳጥኑ ተገጠመ፣ ዳንቴሉን ለበሰ። ካሴቱ ከካሜራው ወደ ኮምፒውተሩ እየተገለበጠ ሰዎቹ የሰርጉን ዋዜማ ጭፈራ ለጥቂት አዩና ተነሡ። «ይኼ ነገር ከራሱ ጋር ይሥራ፤ አንተ ከኛ ጋር ና» ብለው እሱንም ይዘውት ወጡ። ቅበላ ነው፤ ሥጋ ቤቱ ሞልቷል። የየካቲት ፀሐይ ቆርቆሮውን ይጠብሰዋል። በግድግዳው በኩል ማራገቢያው ሲጮህ ዋለ፤ እኔ ምኑን አውቄ፣ ሥራ በዛበት አልኩ።

ሲመለስ ቅጂው አልቋል። ርዝመቱ ሙሉ ነው። መጀመሪያውን ከፍቶ አየ፣ ደህና ነው። መጨረሻውን ከፍቶ አየ፣ ደህና ነው። በሰርግ ሰሞን ካሴት ባሕር ዳርም አይገኝም፤ ስለዚህ ሁሉም ቪዲዮ አንሺ የገለበጠውን ካሴት ለሚቀጥለው ሰርግ ይጠቀምበታል። ባንተአምላክም በማግስቱ ያችኑ ካሴት ይዞ ቡሬ ሄደና የሌላ ሰው ሰርግ ላይዋ ላይ አነሣባት። ለተስፋው ሰፈር ሰዎችም «ሦስት ጊጋ ነው፣ የትናንቱን በአንድ ከሰዓት ጨርሼ ነው የመጣሁ» ብሎ አወራ።

እትዬ ንግሥቴ በጾሙ እኩሌታ ከሕክምና ተመለሱ። ባንተአምላክ ሲዲውን ይዞ ማንኩሳ ሄደ። ያን ቀን እኔ አልነበርኩም፤ የሆነውን የነገረኝ እሱ ነው፣ የቀረውን ደግሞ ሰው ጨመረልኝ። ቤቱ ሞልቷል። በሽተኛዋ በትራስ ተደግፈው ከቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጠዋል። ጭፈራው ታየ፣ ተሳቀ። ጠዋቱ ሆነ፤ በለጠች ነጠላዋን ተከናንባ ከጓዳ ወጣች፤ ወደ አባቷ ጉልበት ዝቅ ስትል ሥዕሉ ቆመ። ከዚያ ተቆራረጠ። ፊቷ ያለበት ቦታ አረንጓዴ አራት ማዕዘን ሆነ፣ ድምፁ ብረት እንደሚፋቅ ጮኸ። እንደገና ሲመለስ ሙሽራይቱ መኪና ውስጥ ገብታለች።

ሰው ሁሉ ወደ ባንተአምላክ ዞረ።

«ማጫወቻው ነው» አለ። «ሲዲውን በደንብ አያነብም። ሌላ እቀዳለሁ።»

እትዬ ንግሥቴ «ይሁን ልጄ፣ አትቸኩል» አሉት።

ቤቱ ተመልሶ ቅጂውን ከኮምፒውተሩ ላይ ከፈተ። እዚያም አረንጓዴ ነው። ያን ዕለት በግድግዳው በኩል ዘፈን አልሰማሁም። ያችን ቦታ ደጋግሞ ሲከፍታት፣ ያ የብረት ድምፅ እየጮኸ ሲቋረጥ ነው የሰማሁት። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይባላል፤ እሱ ግን የሚለቅመው አልነበረውም፣ ካሴቱ ላይ የቡሬ ሙሽራ ትጨፍራለች። በኋላ ፈተናውን ደግሞ ሞከረው፤ ሳጥኑን ገጥሞ፣ ዳንቴሉን አልብሶ፣ በቀትር። ገና ከመጀመሩ ተሳሳተ። ይህን ሲነግረኝ ፊቴን አያይም ነበር፤ ግድግዳ ግድግዳውን ነበር የሚያይ።

አያ ክንዱ ሊጠይቁት ሲመጡ ግን የነገራቸው ሌላ ነው። «ስገለብጥ መብራት ሄዶብኝ ነው አያ ክንዱ። እዚያች ቦታ ላይ ነው የሄደብኝ።»

በኛ አገር ይህን የሚጠራጠር ማን አለ? መብራት ስንቱን አበላሽቷል፣ ይህንንም ቢሸከም አይከብደውም። አያ ክንዱ ራሳቸውን ነቅንቀው «እንግዲህ መብራት ምን ይደረግ» ብለው ሄዱ። ባንተአምላክ የተገላገለ መሰለው። እኔ ግን ሰማሁ፤ ነገሩ የሆነበትን ቀን ደግሞ አስታውሳለሁ፤ የስፌት መኪናዬ በኤሌክትሪክ ነው የሚሠራው፣ ቀኑን ሙሉ ስሰፋ ውያለሁ። ምንም አላልኩትም። ሰው ውሸቱን በራሱ ጊዜ ያውጣው ብዬ ነው።

በሳምንቱ ከማንኩሳ ሰው መጣ። የታሰረ ቋጠሮ ይዟል፤ ድልህ በርበሬ ነው፣ የእትዬ ንግሥቴ እጅ ያለበት። መልእክቱንም እንዳለ አደረሰ፦ «ልጁ ይከፋዋል አሉኝ። እንዳይከፋው በሉት። መብራት የእግዜር ነገር ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ በልጄ ሰርግ ቀን የታመምኩ እኔ። ለጾሙ ወጡን ይሥራበት።»

ባንተአምላክ ቋጠሮውን ተቀብሎ ገባ። ጥቂት ቆይቶ እኔ ዘንድ መጥቶ በርጩማዬ ላይ ተቀመጠ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«አፈርኩ እስከዳር» አለኝ። እስክዬ አላለኝም። «መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ። እኔ መብራት አልኩ፣ እሳቸው ደግሞ ጥፋቱን ለራሳቸው ወሰዱት። በውሸቴ ላይ ድልህ ላኩልኝ።»

«ታዲያ ሂድና ንገራቸው።»

«በምን ፊቴ?»

«በዚሁ ፊትህ። ሌላ የለህም።»

ተቆጥቼ ነበር። ለወጉ ስል አይደለም፤ አንዲት በሽተኛ ሴት የገዛ ሕመሟን ጥፋተኛ አድርጋ ስትተኛ እኔ እዚህ ዘርፍ ልሰፋ አልቻልኩም። ሱቄን ዘግቼ አብሬው ሄድኩ። መንገዱ አጭር ነው፤ እሱ ግን ከመኪናው ወርደን እስከ ቤታቸው ድረስ በየአጥሩ ሥር ይቆም ነበር።

እትዬ ንግሥቴ መደብ ላይ ጋቢ ለብሰው ተቀምጠዋል። አያ ክንዱ አልነበሩም። ሰላምታው አልቆ፣ የሕመሙ ጥያቄ አልቆ፣ ባንተአምላክ ቆመ።

«እማማ፣ መብራት አልጠፋም ነበር።»



ከዚያ ሁሉንም ነገራቸው። ኮምፒውተሩን ከአቅሙ በላይ እንዳስሮጠው፣ እንደሚሳሳት እያወቀ እንደተወው፣ አልብሶት እንደወጣ፣ ካሴቱንም ሳያጣራ እንዳጠፋው። እሳቸው ግማሹ አልገባቸውም፤ የገባቸውን ያህል ግን ጠየቁት።

«ማን አስቸኮለህ ልጄ? እኔ ነኝ?»

«አይደሉም እማማ። እርስዎማ ሐኪም ቤት ነበሩ።»

«ክንዱ ነው?»

«አይደሉም።»

«የሙሽራው ወገን?»

«ማንም አላስቸኮለኝም።»

«ታዲያ?»

«ሦስት ነው ብዬ ተናግሬ ነበር» አለ። «የቡሬው ሰው ሦስት ነው ያለው። ሁለት ነጥብ ዘጠኝ ይበቃኝ ነበር። ግን ሦስት ብያለሁ።»

ምኑ ሦስት እንደሆነ ጠየቁት። ሊያስረዳቸው ሞከረ። ባስረዳ ቁጥር ነገሩ እያነሰ ሄደ፤ እኔ እንኳ ስለ እሱ አፈርኩለት።

እትዬ ንግሥቴ አልተቆጡም። «ተቀመጥ» አሉት። ሲቀመጥ ጋቢያቸውን አስተካከሉ። እኔ ይቅር አሉት፣ አለቀ ብዬ ልተነፍስ ስል እሳቸው ወደ እሱ ጠጋ አሉ።

«እውነቱን ስለነገርከኝ አሁን አምንሃለሁ» አሉት። «ከሁሉም ቀርበህ የቆምክ አንተ ነህ አሉኝ። ዘመዴ አይደለህም፣ ለእኔ ብለህ አታባብለኝም። በል ንገረኝ፤ ጉልበት ስትስም ፊቷ እንዴት ነበር?»

አንድ ቃል ይበቃው ነበር። አለቀሰች ቢል ያምኑታል። ሳቀች ቢልም ያምኑታል። ወደ እሱ ዞሬ አየሁት።

«አላየሁም እማማ» አለ።

«እንዴት አላየህም? ፊቷ ላይ ደግነህ።»

«የካሜራዋን የባትሪ ምልክት ነበር የማየው። ልታልቅ ነበር። ደግሞ… በኋላ አየዋለሁ ብዬ ነው።»

እትዬ ንግሥቴ ይህን ሲሰሙ ቀና አሉ። ድምፃቸው አልጨመረም፤ እንዲያውም ዝቅ ብሎ ነበር።

«እኔ በኋላ አየዋለሁ ያልኩ መቆም አቅቶኝ ነው ልጄ። አንተ እፊቷ ቆመህ ሳለ ምን ሆነህ ነው በኋላ ያልከው?»

ባንተአምላክ አንገቱን ደፋ። ምሳ ቀርቦ፣ ለእጅ መታጠቢያ ውሃ መጥቶ «እጅህን ዘርጋ» እስኪሉት ድረስ ቀና አላለም።